የቄስ ኪሮስን አፍንጫ ስለ መግለጽ

በአገራችን ሕፃን እንኳ የክርስትና ስሙን ለማግኘት አርባ ቀኑን ይጠብቃል። በሽታ ግን በበቀለበት ዕለት ስም ይወጣለታል። ጠዋት ከንፈራችሁ ላይ አንዳች ነገር ወጥቶባችሁ ከቤት ብቅ ብትሉ፣ ገና ከደጃፋችሁ ሳትርቁ አንዱ ጎረቤት «ምች ነው» ይላችኋል። ሁለተኛው ዳማከሴ ቀጥፎ ይመጣል። ሦስተኛው «እኔስ ምች አይመስለኝም፤ የሰው ዓይን ነው» ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አራተኛው የማን ዓይን እንደሆነም ያውቃል። ከአራቱ አንዱም ግን ከንፈራችሁን በቅጡ አላየም።

ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ሰውን ለመውቀስ የሚያበቃ ዕውቀት የለኝም፤ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። ከአምደወርቅ መጥቼ ሰቆጣ ከተቀመጥሁ ጀምሮ ከሁሉ አብልጬ ያስተማርሁት ገላጭ ድርሰት ነው። «ሰፈርህን ግለጽ»፣ «የገበያ ቀንን ግለጽ» እያልሁ አዝዛለሁ፤ ተማሪዎቼም ሰፈራቸውን «እጅግ ውብና ማራኪ» እያሉ ይገልጻሉ፤ እኔም ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። ሰፈራቸውን አውቀዋለሁ። ሆኖም «እጅግ» የምትለዋ ቃል በትክክል ተጽፋ ካገኘኋት ሌላ ነገር አልጠይቅም። ስለዚህ በዋግ ምድር ስለ መግለጽ ከእኔ የሚበልጥ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አሁን ሳስበው ግን ይህ ሕዝብ መግለጽ አቅቶት አያውቅም። በገበያ ቀን ከአበርገሌ ፍየል ነድቶ የመጣ ሰው አጠገብ ቆማችሁ ስሙ። ገዢው ፍየሏን ሆዷን ይዳብሳል፣ ጆሮዋን ይገለብጣል፣ ከዚያ ይጀምራል። «ይቺ ከጆሮዋ ሥር ያለችው ጠጣር ናት፤ ሲነኳት ግን ትንሸራተታለች። እዚህ ጋ ጠጉሩ ረግፏል፣ ቆዳው ደህና ነው። ይሄ የቆየ ጠባሳ ነው፣ እሾህ ነው። ይሄኛው ግን ትኩስ ነው፤ ጠርዙን አታየውም? ቀይ ነው።» ሻጩ አይቀየምም። ፍየሏም አትቀየምም። የሚነገረው ሁሉ ያለ ነገር ነውና።

በሰው ላይ እንዲህ ቢነገር ሽማግሌ ያስቀምጣል። የሰውን ገላ መግለጽ ነውር ነው፤ በቁሙ መሳደብ ነው፤ ሲብስም ሟርት ነው። ግንባሩ ላይ ጉብታ ያለበትን ሰው «ያ እንትን ያለበት ሰውዬ» እንለዋለን። ሰምቶ እንዳይቀየም ነው። «እንትን» የምትባለውን ቃል ያወጣ ሰው ስንቱን ጠብ እንዳበረደ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ሐኪም ቤት ስትገቡም ያው ናችሁ። «ምንዎን ነው ያመመዎት?» ሲባል መልሱ «እንትኔን» ነው። የቀረውን ሐኪሙ ይጨርሰው፤ ለዚህ አይደል የተማረው?

ወደ ቄስ ኪሮስ ልምጣ።

ቄስ ኪሮስ የደብራችን ካህን ናቸው። ቁመታቸው የተመዘዘ፣ ድምፃቸው ያለ ማጉያ ሸለቆ የሚሻገር፣ እርሻቸውን በገዛ እጃቸው የሚያርሱ ሰው ናቸው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ በሚውለው ንግሣችን ታቦቱን አክብረው የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ይህን ከማንም ቀምተው አይደለም። ሌላ ሰው ሲሸከም ያየ ስለሌለ፣ ሌላ ሰው ሊሸከም ይችላል ብሎ ያሰበም አልነበረም። ከሌላው የደብራችን ካህን ከቄስ መንገሻ በቀር።

በዚያ ዓመት ከመስቀል ወዲህ ቄስ ኪሮስ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሥር መከናነብ ጀመሩ። የደብሩ ሰው ተመራመረ። አንዱ «ትሕትና ነው» አለ። ሌላው «ሊመንኑ ነው፤ እንዲህ ነው የሚጀምረው» አለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርፌ ሲጠየቁ «ጥርሱን አሞት ነው» ብለው ገላገሉት። ነፋስ ግን የሰው ገበና አያውቅም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ካህናቱ ከቅጥሩ ሲወጡ ከታች ከሸለቆው የተነሣ ነፋስ ነጠላውን ገፎ ወደ ኋላ ጣለው። ቄስ ኪሮስም ለማንሣት ዞር ሲሉ ሁላችንም አየን።

አፍንጫቸው ላይ እንትን አለ።

ያን ዕለት ከቀትር በፊት አራት አምስት ስም ወጣለት። ምች የሚለው አልጠፋም። «ቡግንጅ ነው፤ ይፈነዳና ይለቃል» ያለም ነበር። አንድ ገበሬ «ቁንጭር ነው፤ የሌሊት ወፍ ሸንታባቸው ነው» ብሎ የባትሪ ውሃ እንዲቀቡ መከረ፤ እሱ ራሱ ቀብቶት እንደዳነ ሲናገርም ጉንጩ ላይ ያለውን ጠባሳ በመዳፉ ይከልል ነበር። መተት ነው ያሉም አሉ። አንድ ሰው ደግሞ፣ ማን እንደሆነ አልታወቀም፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «ለምጽ እንዳይሆን» አለ። ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነገር ነገር እንደምታውቁት ከሁሉ አስቀድሞ ይሰማል። በማግስቱ መስቀል ሲሳለሙ በከንፈራቸው ሳይነኩ ብቻ ጎንበስ ብለው የሚያልፉ ሰዎች አየሁ።

እዚህ ላይ ሥርዓቱን ለማያውቅ ላስረዳ። ደም ወይም ሌላ ፈሳሽ የሚወጣው ቁስል ያለበት ካህን መቅደስ አይገባም። እስኪደርቅ ከውጭ ይቆማል። ኃጢአት ሆኖ አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ወደቀ፤ የቄስ ኪሮስ አፍንጫ ድፍን ነው ወይስ ክፍት? ድፍን ከሆነ ታቦቱን እሳቸው ያከብራሉ። ክፍት ከሆነ ሌላ ሰው። ደብሩ ለሁለት ተከፈለ። ቄስ ኪሮስን የሚወዱት «ብጉር ነው» አሉ፤ ሳያዩ። ሌሎቹ «ቁስል ነው» አሉ፤ እነሱም ሳያዩ። ቄስ መንገሻ ከየትኛውም ወገን አልቆሙም። እንደ ታላቅ ወንድም ለሚያዩዋቸው ለቄስ ኪሮስ እጅግ አዘኑ። ሲያዝኑ ፊታቸው ያበራ ነበር።

የወንድሜ ልጅ ጎንደር የቆዳ ሐኪም ነው። ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነኝ፤ እንግዲህ የሚያውቀው ሁሉ ሥሩ ከእኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ቄስ ኪሮስ ቤት ሄጄ «አባቴ፣ ልጁን እናማክረው» ስላቸው «ንግሡ ሳይደርስ ቁርጡን ልወቅ» አሉ። ወይዘሮ ትርፌ ግን በበሩ በኩል ሲሸኙኝ «ብቻ መምህር፣ ነገሩን አታግንነው» አሉኝ። አላጋንንም ብዬ ማልሁ።

ልጁ ደውዬ ሳማክረው «ጋሼ፣ ፎቶ ይላኩልኝ» አለ። ፎቶ አነሣሁ። ስልኩ ላይ አንዲት ክብ ነገር መዞር ጀመረች። ያን ቀን ስትዞር ዋለች፤ በነጋታውም ስትዞር ዋለች፤ ፎቶውም ከስልኬ ወጥቶ ሰቆጣን ሳይሻገር ቀረ። ያለን ድምፅ ብቻ ነበር። ድምፅም ቢሆን በሰፈራችን በደንብ የሚሰማው ከቅጥሩ ውጭ ከወይራው ሥር ነው። ከወይራው ሥር ደግሞ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ይበላል፤ ቄስ ኪሮስም ከዚያ የሚገኙት ያን ጊዜ ነው። እናም እሑድ ጠላው ተቀድቶ ዳቦው ሲቆረስ፣ ቄስ ኪሮስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ስልኬን ይዤ ፊታቸው ቆምሁ። ሰንበቴተኛው ሁሉ ወደ ሌላ እያየ ቀረበን። «ድምፁን ልቀቀው እንጂ መምህር፣ ጆሮህ ይደክማል» አለ አንዱ አሳቢ። ለቀቅሁት።

«ጋሼ፣ ፎቶው አልገባም» አለ ልጁ ከወዲያ። «ግዴለም፣ በቃል ይንገሩኝ። ምን ይመስላል?»

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ጥያቄ ይህ ነበር። ኮቴን ቆለፍሁ። «ነገሩ» አልሁ፣ «ንጋት ላይ ከምሥራቅ ተራሮች ጀርባ ቀስ ብላ ብቅ የምትለውን ጀምበር ብንመለከት፣ ያ እጅግ ውብና ማራኪ...»

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ጠፍጣፋ ነው ከፍ ያለ?»

በእውነቱ አልተዘጋጀሁበትም። ቄስ ኪሮስን አየሁ፤ እሳቸውም አዩኝ። ልጁ ቀጠለ። «ዓይንዎን ይጨፍኑና በጣትዎ ይዳስሱት። እጅዎን ታጥበው ታዲያ። ጣትዎ ካጣው ጠፍጣፋ ነው፤ የቀለም ለውጥ ብቻ ነው ማለት ነው። ለምጽ የምትሉት እንደዚያ ነው። ጣትዎ ካገኘው ከፍ ያለ ነው።»

ወይዘሮ ትርፌ ማዕድ የቀረበልኝ ይመስል አስታጠቡኝ። የዋግ ሰው የካህን መስቀል ይሳለማል፤ የካህን አፍንጫ ነክቶ አያውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን በአየር ላይ ስዘረጋ አንዲት አሮጊት በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ ቄስ ኪሮስም ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እኔ ከኽምጣና የማውቀው ሰላምታ ብቻ ስለሆነ፣ ስለ ሰላም የተነገረ አድርጌ ወሰድሁት። ጣቴ መጀመሪያ ጺም አገኘ። ቀጥሎ አገኘው።

«ከፍ ያለ ነው!» አልሁ።

ከወደ ኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። በዚያች በአንዲት ዳሰሳ ለምጽ ከደብራችን ወጣ። ማን አስገብቶት እንደነበረ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«ጎሽ ጋሼ። መጠኑስ?»

«ኧረ ምንም አትል!» ወይዘሮ ትርፌ ቀደሙኝ። «የጤፍ ፍሬ ናት።»

«ቢበዛ ምስር ብትሆን ነው» አለ አንድ የቄስ ኪሮስ ወዳጅ ሰማዩን እያየ።

ቄስ መንገሻ ተነፈሱ። «ዓይኔ ደክሞ ይሆናል እንጂ እኔስ ባቄላ መስላ ታየችኝ። መድኃኔ ዓለም ይማራቸው።»

«የዘንድሮ ባቄላ ነው የአምና?» አለ ገበሬው። «የዘንድሮው ዝናብ አጥሮት ከሽምብራ አይበልጥም።»

በዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። ዝናቡ፣ ዘሩ፣ የማን መሬት እንደተሻለ ተወሳ። አፍንጫው ተረሳ። ልጁ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ጋሼ፣ የምን ባቄላ ነው?» ይላል። ሁሉም የሚናገረው ለቄስ ኪሮስ ነው፤ ስለ ቄስ ኪሮስ የሚናገር አልነበረም። እኔም ራሴ ምስር ልል ነበር። ምስር የምትባለው ጨዋ ናት፤ ማንንም አትጎዳም።

ቄስ ኪሮስ እጃቸውን አነሡ።

«መምህር» አሉኝ፣ «ፍየል ገዝተህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ አባቴ።»

«ተሸውደህስ ታውቃለህ?»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«እንግዲያስ ልትገዛኝ እንደመጣህ ሁንና እየኝ። ዳግም እንዳትሸወድ አድርገህ እየኝ።»

«በስመ አብ!» አሉ ወይዘሮ ትርፌ። «ባሌን እንደ ፍየል? በሰንበት? በአደባባይ?»

«ተይው አንቺ። ፍየል በስንት ጊዜዋ የሚያያት ታገኛለች፤ እኔ ይኸው ከመስቀል ወዲህ የሚያየኝ አጣሁ።»

ነጠላቸውን እስከ አንገታቸው አወረዱና ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዞሩ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ስንት ዓመት የማውቀው ፊት ነው። ግን አላየሁትም ነበር። አንዱ ቅንድባቸው ከሌላው ከፍ እንደሚል፣ ጉንጫቸው ላይ የቆየ የእሾህ ጠባሳ እንዳለ፣ ዓይናቸው ሥር እንቅልፍ ያጣ ሰው ጥቁረት እንዳለ ያን ዕለት ነው ያየሁት። ከዚያ የገበያ አፌን ከፈትሁ።

«አንድ ነው፣ ብቻውን ነው። ከአፍንጫቸው ቀኝ፣ ጫፉ አጠገብ። ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ይበልጣል፤ የአምና ባቄላ ያህላል። ክብ ነው። ጠርዙ ያበጠ ነው፣ እንደ ጎርፍ መከላከያ እርከን ዙሪያውን ከፍ ብሏል። ቀለሙ ወደ ቀይ የሚያደላ ጠይም ነው።»

«ይጫኑት። ውሃ ቋጥሯል? መግል ቋጥሯል?»

«አልቋጠረም። ጠጣር ነው።»

«ያማል?»

«አይ» አሉ ቄስ ኪሮስ።

«ያሳክካል?»

«አያሳክክም። አለ ብቻ።»

«ላዩስ? እንደ ዱቄት የሚረግፍ ነገር ነው ያለው፣ ወይስ የደረቀ ቅርፊት?»

«ቅርፊት» አልሁ። «መሃሉ ላይ፣ ወፍራም፣ እንደ ዛፍ ልጥ የተጣበቀ።»

እርግጠኛ ነኝ፣ በሰቆጣና በአካባቢዋ እንዲህ ያለ መግለጫ ተሰምቶ አያውቅም። አንድም «እጅግ» አልነበረበትም። ኩራት ይዞኝ ቀና ስል ልጁ የመጨረሻውን ጠየቀ።

«ከቅርፊቱ ሥርስ? ቆዳው ተገልጧል? ፈሳሽ አለው?»

ዳቦ የሚያኝክ ሰው ማኘኩን ተወ። ልጁ ይህን የጠየቀው ለሕክምናው ነው፤ ጎንደር ተቀምጦ ንግሣችን መድረሱን በምን ያውቃል? እዚህ ግን ከወይራው ሥር ያለን ሁሉ ስንጠይቅ የከረምነው ይህንኑ ነበር።

«ደረቅ ነው!» አሉ ወይዘሮ ትርፌ፤ ድምፃቸው ቀጠነ።

«እስቲ ይታይ እንግዲህ» አሉ ቄስ መንገሻ፣ ለስለስ ብለው፣ አንድ እርምጃ ቀርበው።

ሁሉም እኔን ያያል። እውነቱን ለመናገር ከቅርፊቱ ሥር ያለው ለእኔ አይታየኝም ነበር። «አይታይም» ልል ምላሴ ላይ አድርሻለሁ። ውሸት አይደለም፤ ሐኪሙም ለጊዜው ይበቃዋል፤ ንግሡም ያልፋል፤ ቄስ መንገሻም ይቀመጣሉ። እንዲህ ያለ ምቹ እውነት በየቀኑ አይገኝም።

ቄስ ኪሮስ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። ገልብጠው ነበር የያዙት፤ አቃናሁላቸው።

«ልጄ፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ» አሉ። «ተገልጧል። ጠዋት ጠዋት ነጠላዬ ላይ አገኘዋለሁ። ቢጫ ነው፣ አንዳንዴ ደም አለበት። ቅርፊቱ ከሥሩ ርጥብ ነው። ከያዘኝ ጀምሮ መቅደስ አልገባሁም፤ ተራዬ ሲደርስ በሰበብ ለቄስ መንገሻ እየሰጠሁ ከውጭ ነው የቆምሁ። እስከ ንግሡ ይደርቅልኛል ብዬ ነበር። አልደረቀም።»

ቄስ መንገሻ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ለካ ከመስቀል ወዲህ ተራ እየበዛላቸው የመጣው በድምፃቸው ማማር አልነበረም።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ» አለ ልጁ። «በደንብ ነው የገለጹት።»

ይህን ለእኔ አላለውም ነበር።

«ታዲያ ስሙ ማነው?» ብሎ ጮኸ ገበሬው ወደ ስልኩ። «ቁንጭር አይደለም? ቁንጭር በል!»

«ሊሆን ይችላል» አለ ልጁ። «ግን ከጠርዙ ትንሽ ተጭሮ በማይክሮስኮፕ ሳላየው ስም አልሰጠውም። ይምጡ አባቴ። አፍንጫ ላይ ነውና አይዘግዩ፤ ቢቆይ ሥጋውን እየበላ ይሄዳል። መርፌ አለው፣ ይድናል፤ ግን ዛሬ ነገ አይበሉ። ባትሪ ውሃ የሚባል ነገር ደግሞ እንዳይነካው።»

ሰንበቴተኛው እጅግ አዘነ። ሰዉን እንደ ፍየል አገላብጠን፣ ዳስሰን፣ ለክተን፣ በመጨረሻ ስም የለም! እኛ ጋ ስም ይቀድማል፣ ማየት ይከተላል፤ ካስፈለገ። እነሱ ጋ ማየት ይቀድማል፤ ስሙ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። የቱ ዘዴ ፈጣን እንደሆነ ለአንባቢ ትቻለሁ።

ቄስ ኪሮስ በማግስቱ በጠዋት መናኸሪያ ወረዱ። ነጠላቸውን አልተከናነቡም። ወይዘሮ ትርፌ ስንቅ ይዘው ከኋላ ሲከተሉ እኔን ሳያዩኝ አለፉ፤ ስለ ፍየሉ ነገር ይቅር ያሉኝ ቆይተው ነው። ንግሡም ያለ ቄስ ኪሮስ ሆነ። ታቦቱን ቄስ መንገሻ አክብረው ወጡ። ዕልልታው ያው ነበር፣ እርምጃቸውም ያማረ ነበር። ፊታቸው ግን እንደጠበቅሁት አላበራም።

እኔ በዚህ መካከል ባለሙያ ሆንሁ። መቼም ሙያ ከተማሩት በኋላ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጎረቤቴን ጉንጯ ላይ ያለው ማድያት ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ጠርዙ ያልለየ መሆኑን ነገርኋት፤ ከዚያ ወዲህ እሳት ስጠይቃት ክብሪት የላትም። የዕድር ዳኛችንን ከአንገቱ ሥር ያለው ጉብታ ለስላሳና ተንሸራታች ስለሆነ የሚያስፈራ አይመስለኝም አልሁት፤ እሱም በዚያ ወር ስብሰባው የት እንደሆነ ሳይነግረኝ ቀረ። ቀድሞ «ሰው አይቶህ ነው» የሚላቸውን ሰው ሲያመሰግኑ የኖሩ ሰዎች፣ አሁን በእውነት ሰው ቢያያቸው ተቀየሙ።

ለከተራ ሁለት ቀን ሲቀረው ቄስ ኪሮስ ተመለሱ። ስሙ በመጨረሻ መጥቶ ነበር፤ ቁንጭር ነው። ገበሬው ይህን ሲሰማ እሱ ከሐኪሙ ቀድሞ ማወቁን ለማያውቅ ሁሉ አስታወቀ፤ ስለ ባትሪው ውሃ ግን አላነሣም። ከወይራው ሥር የተቀበላቸው ሰው ሁሉ «እንዴት ወፈሩ!»፣ «ጎንደር ተስማማዎት!» ይላል። ዓይኑን ከግንባራቸው በታች ያወረደ አልነበረም። ቄስ መንገሻ ቀርበው መስቀል ተሳለሙና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዲህ የከተራውን እርስዎ...» ሲሉ፣ ቄስ ኪሮስ አቋረጧቸው።

«አንተ አክብር። አምሮብህ ነበር አሉ። እኔ መቅደስ መግባቴ ይበቃኛል።»

ከዚያ እኔን አዩኝና ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዞሩ። «ና መምህር። ግዛኝ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። «ጠባሳ ነው» አልሁ። «ደረቅ፣ ድፍን። መሃሉ ጥቂት ጎድጎድ ያለ፣ ከዙሪያው ነጣ ያለ። ጠርዙ ተኝቷል። ምንም አይፈስሰውም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ወይዘሮ ትርፌ። ባላቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ቀጥ ብለው አዩአቸው።

«አሁን አንተ ቁም» አሉኝ ቄስ ኪሮስ። «እኔም ጎንደር ሐኪም ቤት ተኝቼ ሳዳምጥ የቀሰምኋት አለችኝ።»

ቆምሁ። ዙሪያዬን አንድ ጊዜ ዞሩኝ። ትከሻዬን በጣታቸው ጫን አደረጉት። ከዚያ ያ ሸለቆ የሚሻገር ድምፃቸው ወጣ።

«አንድ ነው፣ ብቻውን ነው። ከአካባቢው ከፍ ያለ ነው። ሲጫኑት ጠጣር ነው፤ ውስጡ ምንም አልቋጠረም። ሲነኩት አይሰማውም።»

ሰንበቴተኛው በሳቅ ተንፈራገጠ። እኔ ግን ሙያው ያለው ሰው ነኝና በመግለጫው ላይ ስሕተት ፈለግሁ። አላገኘሁም።

«ስሙስ ማን ይባላል አባቴ?» አልሁ በትሕትና።

«ስም አያስፈልገውም» አሉ። «ክፉ ነገር አይደለም። ሳይነካ ይተው።»

በልቤ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋቸው። አሮጊቷ ከወደ ኋላ በኽምጣና አንድ ነገር አከሉ፤ ሰዉም እንደገና ሳቀ። አሁንም ስለ ሰላም ነው ብዬ አምናለሁ።